የኪስ ሽጉጥ አፎት አመራረጥ፦ በቅድሚያ ኪስዎን ይለኩ

ጎንደር፣ አራዳ ገበያ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ቀበቶ እሰፋለሁ፣ የቦርሳ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የሽጉጥ አፎትም እሠራለሁ። አፎት ፈልጎ የሚመጣ ደንበኛ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ከውጭ አይታይም አይደል?» እኔም መልሼ «እስቲ ኪስዎን ያሳዩኝ» እላለሁ። ሽጉጡን አሳዩኝ የምል የመሰለው ሰው ግራ ይጋባል።

አንድ ጊዜ ከደምቢያ የመጡ አባት ነበሩ። እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ሰደው ማካሮቭ ሽጉጥ በመሐረብ እንደ ተጠቀለለ አወጡ። መሐረቡ ሲፈታ የቤታቸው ቁልፍ አብሮ ተንጠልጥሎ ወጣ። የቁልፉ ቀለበት ምላጩን (ለመተኮስ በጣት የሚሳበውን) በከበበው ብረት ውስጥ ገብቷል። «አባቴ፣ ይህ እኮ ሊባርቅብዎት ነበር» አልኳቸው። «ምን በወጣው! መጠበቂያው ተዘግቷል» አሉኝ። አፈሙዙን ሱቄ ውስጥ ወዳለው አፈር የሞላ ጆንያ መልሼ በግራ ጎኑ ያለችውን ምላስ አየሁ። ወደ ታች ወርዳለች። ማካሮቭ ዝግ የሚሆነው ምላሷ ወደ ላይ ስትነሣ ነው፤ ወደ ታች ከወረደች ለመተኮስ ዝግጁ ነው። መሐረቡ ሲጠቀለልና ሲፈታ ጎትቶ አውርዷት ይሆናል። ሰውየው ዱካው ላይ ቁጭ አሉ። ሻይ አስመጣሁላቸው፤ እስኪቀዘቅዝ አልነኩትም።

የአፎት ዋና ሥራ ምላጭ መሸፈን ነው። መደበቁ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። ሁለቱን የሚያስታርቀው ደግሞ ኪሱ ነው፤ ለዚህ ነው ኪስዎን አሳዩኝ የምለው።

ሳይጀምሩ

ይህ መመሪያ ፈቃድ ላለው ሰው ነው። በሀገራችን የጦር መሣሪያ መያዝ የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሲሆን ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው። ፈቃድዎ ምን እንደሚፈቅድልዎ፣ ይዘው የማይገቡበት ቦታ የትኛው እንደሆነ ከሰጠዎት አካል ይጠይቁ፤ የሠፈር ወሬ አይበቃም። እኔ በበኩሌ ወረቀት ሳላይ አፎት አልሠራም። የሚቀየመኝ አለ፤ ይቀየመኝ።

አንደኛ፦ ሽጉጡን ባዶ ያድርጉ

ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። መጀመሪያ ካርታው፣ ማለት የጥይት መያዣው፣ ይወጣል፤ ቀጥሎ ማቀባበያው፣ ከላይ ያለው ተንሸራታች ብረት፣ ተስቦ የጎረሰው ጥይት ይወጣል። ካርታውን ሳይነቅል ማቀባበያውን የሚስብ ሰው አንዱን ጥይት አስወጥቶ ሌላውን ያጎርሳል፤ ከዚያ ካርታውን ነቅሎ «ባዶ ነው» ይላል። «ባዶ መስሎት ባረቀበት» ከሚባለው ታሪክ ጀርባ ያለው አንዱ ስሕተት ይህ ነው።

ማካሮቭ የያዘ ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። ካርታው የሚለቀቀው በእጀታው ግርጌ ባለው መንጠቆ ነው። ደግሞ መጠበቂያው ዝግ እያለ ማቀባበያው አይሳብም፤ ስለዚህ ለመፈተሽ መጠበቂያውን መክፈት ግድ ነው። በዚያች ቅጽበት ጣትዎ ከምላጩ ርቆ፣ አፈሙዙ አፈር ወይም አሸዋ የሞላ ጆንያ ላይ ማየት አለበት። ካወጡ በኋላ በዓይን ብቻ አይመኑ፤ ትንሿን ጣትዎን አስገብተው ይዳስሱ። ጥይቱን ወደ ሌላ ክፍል ይውሰዱት። ከዚህ በታች ያለው ሙከራ ሁሉ በባዶ ሽጉጥ የሚሠራ ነው።

ሁለተኛ፦ ሽጉጡ ለኪስ ይሆናል ወይ?

ሁሉም ሽጉጥ የኪስ ሽጉጥ አይደለም። አሜሪካኖቹ ለኪስ ብለው የሚሠሩት በጣም ቀላል ነው፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሩገር ኤልሲፒ ባዶውን 300 ግራም አይሞላም። የጀርመኑ ዋልተር ፒፒኬ እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ አለ፤ ርዝመቱ 155 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ጊዜ የኔ ሱቅ የሚመጣው ማካሮቭ ደግሞ 161 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ባዶውን 730 ግራም ይመዝናል። ስምንቱን ጥይት ሲጨምሩበት ከ800 ግራም ያልፋል። ለአንድ ኪሎ ስኳር ትንሽ የጎደለው ነገር ከአንድ ጎን ማንጠልጠል ማለት ነው። የካኪ ሱሪና የወፍራም ኮት ኪስ ይችለዋል፤ የሱፍ ሱሪ ግን ቀበቶው ጠብቆም ቢሆን ወደ አንድ ጎን ይጎተታል። ሰው የሚያየው ጉብታውን ሳይሆን ዘመም ያለውን ሱሪ ነው።

ቶካሬቭ ይዞ «ለኪስ ሥራልኝ» የሚለኝን አልሠራም። ርዝመቱ ወደ 195 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ሶቪየቶች የሠሩት በእጅ የሚዘጋ መጠበቂያ የለውም፤ ያለው መምቻውን፣ ከኋላ ያለውን መዶሻ፣ ግማሽ ላይ ማቆም ብቻ ነው። ይህ የወገብ ሽጉጥ ነው።

«ስታር ነው ያለኝ» ማለትም አይበቃኝም። ስፔኖች ስታርን በትንሹም በትልቁም መጠን ሠርተውታል፤ ሽጉጡን ካላየሁ መጠኑን መገመት አልችልም። አምስት ጎራሽ ሪቮልቨር ካለዎት ከኋላ የወጣችው የመምቻው ጆሮ የኪስ ጨርቅ ትይዛለች። ሲያወጡ አውራ ጣትዎን በላይዋ ማድረግ ይለምዱ፤ መምቻው ውስጥ ለውስጥ የሆነ ዓይነት ከሆነ ግን ይህ ችግር የለበትም። እንደ ግሎክ ያለ፣ በጎኑ የሚዘጋ መጠበቂያ የሌለው ሽጉጥ የያዘ ሰው ደግሞ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይጠንቀቅ። የግሎክ አንዱ መጠበቂያ ራሱ ምላጩ ላይ ያለችው ምላስ ናት፤ ምላጩን የገፋ ነገር እርሷንም አብሮ ይገፋል።

ሦስተኛ፦ ኪሱ

ቀኝ እጅ ከሆኑ የሱሪው የፊት ቀኝ ኪስ፤ ግራኝ ከሆኑ ግራው። የኋላ ኪስ ከቶ አይታሰብ፤ ይቀመጡበታል፣ ሲነሡ ወደ ላይ ይገፋል፣ ከኋላ የቆመ ሰው ከእርስዎ ቀድሞ ያገኘዋል።

ባዶ እጅዎን ኪሱ ውስጥ ያስገቡ። ታች ደርሰው ጡጫ ይጨብጡ፤ ጡጫውን ሳይፈቱ ያውጡ። የኪሱ አፍ ከያዘዎት ሽጉጥ ጨብጦ እጅ አይወጣም፤ አፎቱ ምንም ቢያምር ለዚያ ሱሪ አይሆንም። ቀጥሎ ጥልቀቱን ይለኩ። ለማካሮቭ ከኪሱ አፍ እስከ ግርጌው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢኖር እወዳለሁ፤ የእጀታው ጫፍ ከኪሱ አፍ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ እንዲተኛ ነው። ከዚያ ካነሰ ሲቀመጡ እጀታው ብቅ ይላል። በጣም ከጠለቀ ደግሞ እጅዎ ሽጉጡን ፍለጋ እስከ አንጓው ይሰምጣል።

ጥሩው ነገር ኪስ ይሠራል። ከየትኛውም ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄደው የኪሱን ከረጢት በጂንስ ጨርቅ ወይም በወፍራም ካኪ ያስቀይሩ፤ ጎንና ጎኑ ሁለት ጊዜ ይሰፋ። የተለመደው ስስ የኪስ ጨርቅ 800 ግራም ተሸክሞ ብዙ አይቆይም፤ መጀመሪያ ጥጉ ላይ ይተረተራል፣ ከዚያ አንድ ቀን ሽጉጡ በቁርጭምጭሚትዎ በኩል ይወጣል። ይህ የደረሰበት ሰው አውቃለሁ፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ እድርተኛው ሁሉ በተቀመጠበት።

ኮትና ጃኬት ሌላ ጣጣ አላቸው። ይወለቃሉ። ጎንደር ጧት ብርድ ነው፣ ቀትር ላይ ይሞቃል፤ ሰው ጃኬቱን አውልቆ ወንበር ላይ ያንጠለጥልና ወደ ጠጁ ይመለሳል። በሠርግ ቤት የተንጠለጠለ ጃኬት ስር የሚሯሯጠው ደግሞ ልጅ ነው። ጃኬትዎን እስከ ማታ የማያወልቁ ሰው ካልሆኑ የሱሪ ኪስ ይሻላል።

ስለ ጋቢም ልጨምር። ጋቢ ሁሉን ይሸፍናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን እጅዎን ከጋቢው ስር ወደ ኪስዎ ሲሰዱ ጨርቁ አብሮ ይገባል፤ ሽጉጡ ሲወጣ ደግሞ አብሮ ይጠመጠማል። ከጋቢ ስር እጁን የሚያንቀሳቅስ ሰው በዚህ ዘመን እንዴት እንደሚታይ እርስዎም ያውቁታል።

ባጃጅ ውስጥ ሲቀመጡ አፈሙዙ ወዴት እንደሚያይ አስበው ያውቃሉ? ወደ ጉልበትዎ፣ ወይም ከፊት ወዳለው ሾፌር ወገብ ነው። አፎቱ ሽጉጡን ቀጥ አድርጎ ካልያዘው ወደ ጎን ተኝቶ የጎረቤትዎን ጭን ያያል። ጠባብ ጂንስ ለብሶ መቀመጥ ደግሞ ጨርቁን ሽጉጡ ላይ አጥብቆ ይጭነዋል፤ ምላጩ ካልተሸፈነ ጫናው የሚያርፈው እርሱ ላይ ነው።

ሁለት ሰይፍ ባንድ አፎት አይከትም ይባላል። ሽጉጥ የገባበት ኪስም ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ እስክሪብቶ፣ ስልክ አይገባበትም። የደምቢያው አባት ታሪክ ከዚህ ነው የመጣው።

አራተኛ፦ ቆዳ፣ ፕላስቲክ፣ ጨርቅ

በሥራዬ መጀመሪያ ያበላሸሁትን ልንገርዎት። መተማ የሚመላለስ አንድ ሰሊጥ ነጋዴ አፎት ሥራልኝ አለኝ። እጄ ላይ የነበረው ለጫማ የሚሆን ለስላሳ ጥቁር ቆዳ ነበር፤ ሲነኩት ደስ ይላል፣ ያብረቀርቃል። በሰኔ ሰጠሁት። በመስከረም ተመልሶ መጣና ሽጉጡን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። የማቀባበያው ጎን ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጠብጣብ ዝገት ወርዷል። ቀረብ ብዬ ሳየው ነጠብጣቡ የእኔ የመርፌ መስመር ነው፤ ስፌቴ ብረቱ ላይ በዝገት ተጽፏል። በዘይትና በጨርቅ እስኪያልበኝ ፈተግሁት፤ ጠባሳው ግን አልጠፋም። ገንዘቡን መለስኩለት።

ጥፋቱ ሁለት ነበር። ቆዳው ክሮም በሚባል ኬሚካል የለፋ ነው፤ በዚያ ማልፊያ የሚቀረው ጨው ከቆላ ላብና ከክረምት እርጥበት ጋር ሲገናኝ ብረት ይበላል። ሁለተኛው የእርሱ ነው፤ ሽጉጡን ሌሊትም አፎቱ ውስጥ ያሳድረው ነበር። ቆዳ እርጥበት ይይዛል። አፎት መያዣ ነው እንጂ ማደሪያ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ የምጠቀመው በተክል የለፋ ቆዳ ብቻ ነው። መለየቱ አይከብድም፤ ሲገዙ የተቆረጠውን ጠርዝ ይመልከቱ። ውስጡ ሰማያዊ ወይም አመድማ ከሆነ የክሮም ነው፤ ከላይ እስከ ታች ቡናማ ከሆነ የተክል ነው። ላዩ ጥቁር ቀለም ቢቀባም ጠርዙ አይዋሽም። ሻጩ ጠርዙን በቀለም ካድበሰበሰው ከማይታይበት በኩል ትንሽ ፍቆ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከዚያ የሳሳ ይተጣጠፋል፤ ከዚያ የወፈረ ኪስ ውስጥ ጡብ ይሆናል።

የቆዳው ለስላሳ ፊት ወደ ውስጥ፣ ሻካራው ወደ ውጭ ሲሆን እወዳለሁ። ሽጉጡ ከለስላሳው ላይ ይንሸራተታል፤ ሻካራው ደግሞ የኪሱን ጨርቅ ይዞ አፎቱን ያስቀረዋል። ለዓይን አያምርም። ደንበኛ ሲያየው «ገልብጠህ ሰፋኸው እንዴ?» ይላል፤ አዎ፣ ገልብጬ ነው።

ቆዳው የሽጉጡን ቅርጽ መያዝ አለበት። እኔ ከዋንዛ እንጨት የጠረብኩት ማካሮቭ አለኝ። ቆዳውን ለብ ባለ ውሃ አርሼ በእንጨቱ ላይ እሰፋዋለሁ፤ ከዚያ በማንኪያ ጀርባ የምላጩን ቀለበት ዙሪያ አጥብቄ እጫናለሁ። ጥላ ላይ እንዲደርቅ ሁለት ቀን እተወዋለሁ፤ ፀሐይ ላይ ካደረቁት ይሰነጠቃል። ሲደርቅ ቅርጹ ይቀርና ሽጉጡ ሲገባ ቦታውን ያውቃል። ይህ ቅርጽ የሌለው፣ እንደ ከረጢት የላላ አፎት ቢሰጡዎት ይመልሱ።

ካይዴክስ የሚሉት ጠንካራ ፕላስቲክ አለ፤ በሙቀት ለስልሶ በሽጉጡ ቅርጽ ይጫናል። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ያስልከዋል። ላብ አይመጥም፣ አይተጣጠፍም፤ ምላጭ በመሸፈን ከቆዳ ይበልጣል ብል ሙያዬን ማማት አይሆንብኝም። ጉድለቱ ላዩ መንሸራተቱ ነው፤ ኪሱን የሚይዝ መንጠቆ ከሌለው ከሽጉጡ ጋር አብሮ ይወጣል። ደግሞ ለአንድ ሞዴል ብቻ የሚሠራ ነው፤ ለፒፒኬ የተሠራው ለማካሮቭ ይሆናል ብለው አይግዙ፤ መልካቸው ቢመሳሰልም ልካቸው አንድ አይደለም።

ጨርቅ ከሆነ ደግሞ ላዩ እንደ ጎማ የሚጣበቅ ጥሩ ዓይነት አለ፤ የአሜሪካው ዴሳንቲስ «ኔሜሲስ» ብሎ የሚሸጠው እንዲህ ነው፤ ኪሱን ይዞ ይቀራል። የስልክ ከረጢት የሚመስለውን ርካሽ ናይለን ግን አይንኩት። በላዩ ላይ ጣትዎን ቢጫኑ ምላጩ ይሰማዎታል።

አምስተኛ፦ ሻጩ ፊት የሚደረግ ፍተሻ

ባዶ መሆኑን ዳግመኛ ካረጋገጡ በኋላ ሽጉጡን አፎቱ ውስጥ ያስገቡ። አፈሙዙን ወደ ጆንያው አዙረው በአውራ ጣትዎ ምላጩ ያለበትን ቦታ ከውጭ በኃይል ይጫኑ። ማካሮቭ መምቻው ከኋላ ስለሚታይ መልሱን በዓይን ያገኙታል፤ መጠበቂያው ክፍት ሆኖ ሲጫኑ መምቻው ትንሽም ቢንቀሳቀስ አፎቱ ውድቅ ነው። መምቻ የማይታይበት ሽጉጥ ከሆነ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ያዳምጡ። ይህን ፈተና ያላለፈ አፎት በነጻ ቢሰጥም አይወሰድ።

ሁለተኛው መጠበቂያው ነው። ምላሷን ወደ ላይ ዘግተው ሽጉጡን አሥር ጊዜ ያስገቡ፣ ያውጡ። በየጊዜው ይመልከቷት። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ታች ወርዳ ከተገኘች ቆዳው በዚያ በኩል መቀረፍ አለበት።

ሦስተኛው እጀታው ነው። ሽጉጡ አፎቱ ውስጥ እያለ እጅዎ እጀታውን ሙሉ በሙሉ መጨበጥ አለበት፤ ጠቋሚ ጣትዎ ግን ምላጩን ማግኘት የለበትም። በሁለት ጣት ብቻ የሚያዝ ከሆነ የአፎቱ አፍ በዝቷል፤ ይቆረጥ።

ከዚያ መንጠቆውን ይዩ። ከአፎቱ ጀርባ በእጀታው ስር እንደ ጭራ ወጣ ያለ ጆሮ ይኖረዋል፤ ሽጉጡ ሲወጣ የኪሱን አፍ ይዞ አፎቱን የሚያስቀረው እርሱ ነው። ከውጭ በኩል ደግሞ ጠፍጣፋ ቆዳ የተጨመረበት አለ፤ የሽጉጡን ቅርጽ አጥፍቶ የገንዘብ ቦርሳ ያስመስለዋል። ለቀጭን ሱሪ ጥሩ ነው፤ ለወፍራም ካኪ ትርፍ ሸክም ነው። የግርጌው ጫፍ የተዘጋ ይሁን፤ ክፍት ከሆነ የኪስ ብናኝ በአፈሙዙ ይገባል።

ስድስተኛ፦ ቤት ውስጥ ሦስት ቀን

ገዝተው በዚያው ቀን ይዘውት አይውጡ። ሦስት ቀን በባዶ ሽጉጥ ቤት ውስጥ ይልበሱት። ይቀመጡ፣ ይነሡ፣ ጫማዎን ለማሰር ጎንበስ ይበሉ፣ እንደ ስግደት ወድቀው ይነሡ፣ ደረጃ ይውጡ። በየመሃሉ እጅዎን ሰደው ሽጉጡ ቀጥ ብሎ መቆሙን ይዳስሱ። ከተኛ ወይ ኪሱ ሰፍቷል፣ ወይ አፎቱ ጠቧል። ኪሱን ማጥበብ ይቀላል።

አልጋ ላይ ፍራሽ ባለበት አፎቱን ቀስ ብለው ይገልብጡት። በራሱ ክብደት ሸርተት ብሎ ከወደቀ ልል ነው። በሌላ በኩል ለማውጣት ሁለት እጅ የሚጠይቅም አይረባም። ቆመው ሃያ ጊዜ ያውጡ፤ ጣትዎ ከምላጩ ውጭ፣ በማቀባበያው ጎን ተዘርግቶ። አፎቱ ከሽጉጡ ጋር ስንቴ ወጣ? አንዴ ከሆነ ችግሩ ከእጅዎ ሊሆን ይችላል፤ ሲያወጡ አውራ ጣትዎን በአፎቱ ጠርዝ ላይ ተጭነው ወደ ታች ገፋ ማድረግ ይለማመዱ። ደጋግሞ ከወጣ ግን መንጠቆውን ያስተካክሉ።

መታየት አለመታየቱን በመስተዋት አይፍረዱ፤ እርስዎ የት እንዳለ ስለሚያውቁ ወይ በጣም ይታይዎታል ወይ ጭራሽ አይታይዎትም። ለማያውቅ የቤት ሰው ምንም ሳይነግሩ ከፊቱ ይመላለሱ። እኔ ባለቤቴ ፊት ስመላለስ «ሁለት ስልክ ያዝክ እንዴ? የማናት ሁለተኛዋ?» አለችኝ። አፎቱ ፈተናውን አለፈ፤ እኔ ግን ስገልጽ አመሸሁ።

ሰባተኛ፦ ሽጉጡን ወደ አፎት መመለስ

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል። አፎቱ ኪስ ውስጥ እያለ ሽጉጡን በላዩ ሰቅለው ለመመለስ አይሞክሩ። የኪሱ ጨርቅ ይታጠፋል፣ የአፎቱ አፍ አይታይም፣ እጥፉ ምላጩ ፊት ቢገባ እርስዎ «አልገባ አለኝ» ብለው ሲገፉ ጨርቁ ምላጩን ይገፋዋል። አፈሙዙም በዚያን ጊዜ ጭንዎን እያየ ነው።

አፎቱን ከኪስ ያውጡ። መጠበቂያውን ይዝጉ። አፎቱን ከጎን ይዘው፣ እጅዎ ከአፈሙዙ ፊት ሳይሆን፣ ሽጉጡን እያዩ ያስገቡ። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ወደ ኪስ ይመልሱ። ማንም አያሳድድዎትም።

ከቤት ሲወጡ

ፍተሻ ላይ እጅዎን ወደ ኪስዎ አይስደዱ፤ ፈቃዱን ለማውጣትም ቢሆን። ሁለት እጅዎን አሳይተው በቃል ይናገሩ፦ «ፈቃድ ያለው ሽጉጥ በቀኝ ኪሴ አለ፤ ወረቀቱ በደረት ኪሴ ነው፤ ምን ላድርግ?» ወታደሩ የሚለውን ብቻ ያድርጉ። ወረቀቱ ከሽጉጡ ጋር አንድ ኪስ መሆን የለበትም የምለው ለዚህ ነው።

ጥር 11 ጥምቀተ ባሕር የሚወርድ ሰው ሽጉጥ ይዞ ባይወርድ ይሻላል። በዚያ ግፊያ መሃል ኪስ የእርስዎ አይደለም፤ የገፋዎት ሁሉ ነው። ቤተ ክርስቲያንም እንደዚያው። በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኩሰውን ወገኔን በተመለከተ አፎት ሠሪ የሚለው የለም፤ ጥይቱ ግን የሆነ ሰው ጣሪያ ላይ ይወርዳል።

ቤት ሲገቡ ጥይቱን አውጥተው ሽጉጡን በቁልፍ ይዝጉበት፤ ጥይቱን በሌላ ቦታ። ሽጉጡ ከአፎቱ ውጭ ይደር።

ጽዳትና ዕድሜ

ኪስ ቆሻሻ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ሽጉጡን ባዶ አድርገው ያውጡና የአፈሙዙን ጫፍ፣ የመምቻውን ስር፣ የካርታውን አፍ ይዩ፤ የኪስ ብናኝ ከዘይት ጋር ተቦክቶ እንደ ስሜንቶ ይጋገራል። በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ስስ ዘይት ይቀቡ። ዘይቱ ከበዛ ቆዳው ይመጠውና ይለሰልሳል። የኪሱንም ከረጢት ገልብጠው ያራግፉ። ቆላ ወርደው ካላበዎት ወይም ዝናብ ከመታዎት ሳምንቱን አይጠብቁ። አፎቱን ራሱን እሳት ዳር አያድርቁ።

የቆዳ አፎት የሚያረጀው ከአፉ ነው። ጠርዙ መጀመሪያ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ወደ ውስጥ መታጠፍ ይጀምራል። ያ እጥፋት ምላጩ ቀለበት ውስጥ ገብቶ፣ ባለቤቱ ሲቀመጥ ጫና ሆኖበት ሽጉጥ የባረቀበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በየወሩ የአፉን ጠርዝ በሁለት ጣት ይቆንጥጡት፤ ተጣጥፎ ከቀረና ወደ ቦታው ካልተመለሰ አበቃለት። ጠጋኝ አይፈልጉለት፣ ለሌላ ሰውም አይስጡት። በመቀስ ለሁለት ይቁረጡት። የግርጌው ቁራጭ አሁንም ጠንካራ ነው፤ ለደምቢያው አባት የቁልፍ መያዣ የሰፋሁላቸው ከእንዲህ ያለው ነው፤ ቁልፋቸውን አሁን ቀበቶአቸው ላይ ያንጠለጥሉታል።